ቤት ለተወለደ ሕፃን የመስማት ምርመራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጨቅላ የመስማት ልየታ (የመስማት ችግር ሊኖርበት የሚችለውን ልጅ የሚለይ አጭር ማጣሪያ ምርመራ) በተለመደበት ቦታ፣ ሆስፒታል የተወለደ ልጅ ጆሮው ሳይታይ ወደ ቤቱ አይሄድም። ቤት የተወለደ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ በማንም መዝገብ ላይ የለም፤ ደውሎ የሚያስታውስለት ሰው አይኖርም። ስለዚህ ቀጠሮውን መያዝ የወላጆቹና የአዋላጇ ሥራ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከሁለቱም ወገን በብዛት የሚነሡ ናቸው።

ልጃችን በሰላም ተወልዷል፣ ደህና ይጠባል። ምርመራው ለምን ያስፈልገዋል?

ከ1,000 ጨቅላዎች መካከል ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት ዘላቂ የመስማት ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሲታዩ ምንም የጎደላቸው አይመስሉም። የማይሰማ ሕፃንም ያለቅሳል፣ ይጠባል፣ ፈገግ ይላል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ እኩዮቹ «አጉ» ይላል። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም።

«በዘራችን እንዲህ ያለ የለም» የሚለውም መተማመኛ አይሆንም። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የተወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። በዘር የሚመጣው የመስማት ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰተው እናትም አባትም ሳያውቁት የያዙት ተመሳሳይ ጂን ልጁ ላይ ሲገናኝ ነው። ወላጆቹ ራሳቸው በደንብ ስለሚሰሙ፣ ጂኑ ለብዙ ትውልድ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።

በምርመራ ካልተፈለገ ችግሩ የሚታወቀው ልጁ አፍ ሳይፈታ ሲቀር፣ በሁለትና በሦስት ዓመቱ ነው። አእምሮ ደግሞ ቋንቋን መልቀም የሚጀምረው ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላቸው ተለይተው እርዳታ የጀመሩ ልጆች፣ ዘግይተው ከተለዩት ይልቅ በቋንቋ በግልጽ የተሻሉ ሆነው ይገኛሉ።

ቤት መወለዱ ራሱ ጆሮውን ይጎዳዋል?

አይጎዳውም። ልዩነቱ ምርመራው በራሱ ጊዜ አለመምጣቱ ነው። ይሁንና ሲወለድ ትንፋሽ አጥሮት ወይም ለማልቀስ ዘግይቶ ከነበረ ለመርማሪው ይነገር፤ ከባድ የኦክስጅን እጥረት መስማትን ሊጎዳ ይችላል።

መቼ ቢመረመር ይሻላል?

ዓለም አቀፉ ልማድ በሦስት ቁጥሮች ይታወሳል፦ 1፣ 3፣ 6። ልየታው 1 ወር ሳይሞላው፣ ችግር ካለ ማረጋገጫው 3 ወር ሳይሞላው፣ እርዳታው 6 ወር ሳይሞላው።

ለቤት ወሊድ ግን ከዚህ ጠበብ ያለ ቀን እንመክራለን፦ ከተወለደ ከ3ኛው ቀን በኋላ፣ ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ። ምክንያቱ ሁለት ነው። በመጀመሪያው ቀን የጆሮው ቀዳዳ የእንሽርት ውሃና ሲወለድ ቆዳውን የሸፈነው ነጭ ቅባት ስላለበት፣ ጆሮው ደህና ሆኖ ሳለ መሣሪያው «አላለፈም» ሊል ይችላል። ሆስፒታሎች እናትና ልጅ ከመውጣታቸው በፊት ለመጨረስ ስለሚቸኩሉ እንዲህ ያለ የሐሰት ውጤት ያጋጥማቸዋል። ቤት የወለደች እናት ግን የሚያስቸኩላት ስለሌለ ቀዳዳው እስኪጠራ መቆየት ትችላለች። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ዘግይቶ መሄድ የሚያስቀረው አንድ ምርመራ መኖሩ ነው፤ ልጁ በተወለደ በ21 ቀን ውስጥ ካልተወሰደ ዋጋውን የሚያጣ ናሙና አለ። እሱን ዝቅ ብለን በሰፊው እናነሣዋለን።

ከዚህም ሌላ ትንሽ ልጅ ብዙ ይተኛል። ምርመራው ደግሞ የሚሠራው በተኛ ልጅ ላይ ነው። በሁለተኛ ሳምንቱ በአንድ ቀጠሮ የሚያልቀው ነገር በአራተኛ ወሩ ሦስት ቀጠሮ ሊፈጅ ይችላል።

የት ነው የሚሠራው? ቀጠሮውስ እንዴት ይያዛል?

መጀመሪያ አዋላጇን ጠይቋት። አንዳንድ አዋላጆች በእጅ የሚያዘውን መሣሪያ ራሳቸው ይዘው ቤት ይመጣሉ። ካልሆነ የማዋለጃ ክፍል ያለው ሆስፒታል፣ የሕፃናት ክሊኒክ፣ የአንገት በላይ ሕክምና ክፍል ወይም የመስማት ባለሙያ ቢሮ ይሠራዋል። ስትደውሉ «የጆሮ ምርመራ» ብቻ አትበሉ፤ ጆሮውን በመብራት አይቶ የሚሸኛችሁ ሐኪም ጋ ሊያስቀጥሯችሁ ይችላሉ። እንዲህ በሉ፦ «ልጃችን ቤት ነው የተወለደው፣ ይህን ያህል ቀን ሆኖታል፤ የጨቅላ የመስማት ልየታ አልተደረገለትም። በየትኛው መሣሪያ ነው የምትሠሩት? በሁለት ሳምንት ውስጥ ቦታ አላችሁ?»

ከሁሉ የሚበልጠው ቀጠሮውን በእርግዝናው የመጨረሻ ወር ማነጋገር ነው። አራስ ቤት ተኝቶ ስልክ መደወል የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው።

ምርመራው ምን ይመስላል? ያማል?

አያምም፤ መርፌም የለውም። በሥራ ላይ ያሉት ሁለት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ኦ.ኤ.ኢ. ይባላል። ለስላሳ ጫፍ ያለው ትንሽ መሰኪያ በጆሮው ቀዳዳ ይገባና ቀጭን የጠቅታ ድምፅ ያሰማል። ጤነኛ የውስጥ ጆሮ ድምፅ ሲደርሰው ራሱም መልሶ እጅግ ደካማ ድምፅ ያወጣል፤ በመሰኪያው ውስጥ ያለው ማይክሮፎን ያንን መልስ ይቀርጻል። ጆሮ ድምፅ መቀበል ብቻ ሳይሆን ማውጣትም እንደሚችል ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴቪድ ኬምፕ ነው፤ ምርመራው የተሠራው በዚያ ግኝት ላይ ነው። ልጁ ጸጥ ካለ ለአንድ ጆሮ ጥቂት ደቂቃ ቢበዛው ነው።

ሁለተኛው ኤ.ኤ.ቢ.አር. ነው። በግንባሩ፣ በማጅራቱና በትከሻው ወይም ከጆሮው ጀርባ ትንንሽ ተለጣፊ ኤሌክትሮዶች ይደረጋሉ፤ በጆሮው ላይ በተደረገ ማዳመጫ አብዛኛውን ጊዜ በ35 ዴሲቤል መጠን ጠቅታ ይሰማል። መሣሪያው ድምፁ በነርቩ በኩል አልፎ የአእምሮ ግንድ መድረሱን ይለካል። ኤሌክትሮዶቹ የሚቀበሉት ምልክት ብቻ ነው፤ ወደ ልጁ የሚሄድ ኤሌክትሪክ የለም። ልጁ ከተኛ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?

ያለ ችግር ለተወለደ ልጅ ሁለቱም ተቀባይነት አላቸው። ልዩነታቸው የሚለኩት ቦታ ላይ ነው። ኦ.ኤ.ኢ. የውስጥ ጆሮን ብቻ ነው የሚያየው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ነርቭ አያይም። የውስጥ ጆሮው ደህና ሆኖ ምልክቱ በነርቩ ላይ ተዛብቶ የሚደርስበት ሕመም አለ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ኦ.ኤ.ኢ.ን ያልፋል፣ ንግግር ግን አይገባውም። ስለዚህ የሚከተሉት ልጆች በኤ.ኤ.ቢ.አር. ይመርመሩ፦ ከተወለዱ በኋላ ከ5 ቀን በላይ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ፣ በመታፈን አእምሯቸው የተጎዳ፣ በከባድ ቢጫነት የታመሙ። ምርጫ ካላችሁ ግን ለጤነኛውም ኤ.ኤ.ቢ.አር. ብታስመርጡ አትጸጸቱም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፈሳሽ ምክንያት የሚመጣው የሐሰት ውጤት በእሱ ያነሰ ነው።

ልጁ ቢጫ ሆኖ ነበር። ይህ ከመስማት ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ ያገናኘዋል፤ ለቤት ወሊድ ደግሞ ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። ቢጫነትን የሚያመጣው ቢሊሩቢን በደም ውስጥ እጅግ ሲበዛ ወደ አእምሮ ይገባል፤ የመስማት ነርቭና መንገዱ በቀላሉ ከሚጎዱት ቦታዎች ናቸው። በጊዜው በተወለደ ሕፃን ቢጫነት ጣሪያ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በ3ኛውና በ5ኛው ቀን መካከል ነው። በዚያ ሰዓት ቤት ያለውን ልጅ የሚያየው ባለሙያ ላይኖር ይችላል። ቢጫነቱ በመጀመሪያው ቀን ከታየ፣ ወደ ሆድና እግር ከወረደ፣ ልጁ መጥባት ከተወ፣ ለመንቃት ከከበደው ወይም ጩኸቱ ቀጭንና የተለየ ከሆነ የመስማት ቀጠሮን አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ቢጫነቱ በርትቶ ደሙ በሌላ ሰው ደም እስከ መቀየር የደረሰ ልጅ የልየታውን ምርመራ ቢያልፍ እንኳ በኋላ ክትትል ያስፈልገዋል።

ለቀጠሮው ምን እናዘጋጅ?

ዋናው ዝግጅት እንቅልፍ ነው። ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት እንዳይተኛ ሞክሩ፤ መንገድ ላይ ያንቀላፋ ልጅ ልክ ሲደርስ ይነቃል። ጡቱን እዚያው ክፍሉ ውስጥ ስጡት፤ ጠግቦ፣ ዳይፐሩ ተቀይሮ፣ ተጠቅልሎ በእቅፍ ላይ ሲተኛ ይመረመራል።

በዚያ ቀን ግንባሩን፣ ማጅራቱንና ትከሻውን ቅባት፣ ሎሽን ወይም ዘይት አትቀቡት፤ ኤሌክትሮዱ ስለማይይዝ መሣሪያው ምልክቱን አያገኝም። በጆሮው ውስጥ ምንም ጠብታ አታድርጉ፣ በጥጥም አትጎርጉሩ። ኩኩን ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ እንጂ አታወጡትም፤ የኦ.ኤ.ኢ. መሰኪያም በእሱ ይደፈናል።

ክፍሉ ውስጥ የምታወሩት፣ የምትነኩት ስልክ፣ የሚዞር ማራገቢያ፣ ልጁ የሚጠባው የማስታገሻ ጡት ሁሉ ውጤቱን ያበላሻል። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካለች ውጭ የሚይዛት ሰው ይኑር። ለሌሎች የጨቅላ ምርመራዎች ከተረከዙ በመርፌ የሚወሰደው ደም በዚያው ቀን ከሆነ ጆሮው ይቅደም ብላችሁ ጠይቁ፤ ተወግቶ ያለቀሰን ልጅ መልሶ ማስተኛት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ቤት አጨብጭበን አይተነዋል፤ ይደነግጣል። ይህ አይበቃም?

አይበቃም። ስታጨበጭቡ ንፋሱ ፊቱን ይነካዋል፣ የእጃችሁን ጥላ ያያል። በር ሲዘጋ አልጋው ይርገበገባል፤ ድስት ሲወድቅም ወለሉ። የማይሰማ ልጅ በእነዚህ ሁሉ ይደነግጣል። የሚሰማ ልጅ ደግሞ ጠግቦ ሲተኛ በጭብጨባ ላይነቃ ይችላል። ሌላው ነገር፣ የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ሁሉ ምንም አይሰማም ማለት አይደለም። ጩኸትን ሰምቶ ንግግርን የማይለይ፣ ወይም በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማ ብዙ ነው። ጭብጨባው ለእነዚህ ልጆች «ደህና ነው» የሚል የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፤ የጠፋው ወር ደግሞ አይመለስም።

«አላለፈም» ተባልን። አይሰማም ማለት ነው?

ገና አልታወቀም። ልየታ ማጣሪያ ነው፤ «ጠለቅ ብሎ ይታይ» ይላል እንጂ በሽታ አይሰይምም። በመጀመሪያው ዙር ካላለፉት ልጆች አብዛኞቹ በኋላ ደህና ሆነው ይገኛሉ። ልጁ ተንቀሳቅሶ፣ ቀዳዳው እርጥብ ሆኖ፣ መሰኪያው በደንብ ሳይገጥም ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

አደጋው ያለው ከዚህ በኋላ ነው። «ፈሳሽ ይሆናል፣ ይለቀዋል» ተብሎ የሚተው ልጅ ብዙ ነው፤ ከእነዚያ ውስጥ ደግሞ በእውነት የማይሰሙት አሉ። ሳትወጡ የሁለተኛውን ዙር ቀጠሮ ተቀበሉ፤ 1 ወር ሳይሞላው ይሁን። ሲደገም፣ ያላለፈው አንዱ ጆሮ ብቻ ቢሆንም፣ ሁለቱም ጆሮዎች በአንድ ቀጠሮ ይታዩ። በኤ.ኤ.ቢ.አር. ያላለፈ ልጅ በኤ.ኤ.ቢ.አር. ይደገም፤ በኦ.ኤ.ኢ. «አሳልፎ» መሸኘት የነርቩን ችግር መደበቅ ነው።

እስኪያልፍ ድረስ መደጋገም አይቻልም?

አይገባም። አንድ ምርመራ ደግሞ ደጋግሞ ከተሞከረ አንድ ቀን በአጋጣሚ «አልፏል» ሊል ይችላል። በሁለተኛው ዙርም ካላለፈ ቀጥታ ወደ ዝርዝር ምርመራ ይሂድ። ቅርጹ ያልተሟላ ጆሮ ወይም የተዘጋ ቀዳዳ ያለው ልጅ ደግሞ በልየታ ጊዜ ማጥፋት የለበትም፤ ከመጀመሪያው ወደ ዝርዝር ምርመራው ይላክ።

በ21 ቀን ውስጥ መወሰድ ያለበት ናሙና የቱ ነው?

የሲ.ኤም.ቪ. ምርመራ ነው። ሲ.ኤም.ቪ. ለአዋቂ ብዙ ጊዜ ከጉንፋን የማይበልጥ፣ ምልክትም የማያሳይ ቫይረስ ነው። በእርግዝና ጊዜ ወደ ፅንሱ ካለፈ ግን በዘር ካልመጡት የልጆች የመስማት ችግር መንሥኤዎች ቀዳሚው ነው። ልጁ ቫይረሱን ከማኅፀን ይዞት እንደ መጣ ማረጋገጥ የሚቻለው ምራቁ ወይም ሽንቱ በ21 ቀን ውስጥ ከተመረመረ ነው። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ቢገኝ እንኳ ከጡት ወተት ወይም ከሌላ ሰው ከተወለደ በኋላ ይዞት ይሆናልና መለየት ያዳግታል።

ስለዚህ ልጁ ልየታውን ካላለፈ በዚያው ቀን ሐኪሙን ስለ ሲ.ኤም.ቪ. ጠይቁ። ናሙናው ምራቅ ከሆነ ከጠባ ቢያንስ አንድ ሰዓት ካለፈው በኋላ ይወሰድ፤ በወተቱ ውስጥ ያለ ቫይረስ ውጤቱን ያሳስታል። ከተገኘበት ለአንዳንድ ልጆች የሚሰጥ የፀረ ቫይረስ መድኃኒት አለ፤ የሚጀመረው በመጀመሪያው ወር ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ ተመርመሩ ያልነው ለዚህ ነው፤ በ30ኛው ቀን የመጀመሪያ ልየታውን ያደረገ ልጅ ይህ በር ተዘግቶበታል።

ዝርዝር ምርመራው ምን አለው?

የመስማት ባለሙያ ለእያንዳንዱ ጆሮ፣ ለቀጭንም ለወፍራምም ድምፅ፣ ልጁ የሚሰማው ዝቅተኛ መጠን ስንት ዴሲቤል እንደሆነ ይለካል። ድምፁን በጆሮው ቀዳዳም በአጥንት በኩልም ይሰጠዋል፤ ችግሩ በመሀል ጆሮ ያለ ፈሳሽ ይሁን የውስጥ ጆሮ የሚለየው በዚህ ነው። የታምቡሩን እንቅስቃሴም ያያል። ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ ይህ በ1,000 ኸርዝ ድምፅ መሠራት አለበት፤ ለአዋቂ የሚሠራበት 226 ኸርዝ በጨቅላ ላይ ያሳስታል። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ልጁ ከነቃ በሌላ ቀን ይቀጥላል። ከ3 ወር በታች ያለ ልጅ በራሱ እንቅልፍ ይመረመራል። እያደገ ሲሄድ ማስተኛ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል፤ አለመዘግየት ከዚያም ያድናል።

የመስማት ችግሩ ከተረጋገጠስ?

የመስሚያ መሣሪያ ለጥቂት ሳምንት ዕድሜ ላለው ልጅም ይደረጋል፤ ከተረጋገጠ በአንድ ወር ውስጥ ቢጀመር ጥሩ ነው። በቀዳዳው የሚገባው ክፍል በልጁ ጆሮ ልክ የሚቀረጽ ስለሆነ፣ ጆሮው ባደገ ቁጥር በየጥቂት ሳምንቱ ሊቀየር ይገባዋል። መሣሪያው ማፏጨት ሲጀምር ይህ ክፍል ላደገው ጆሮ አንሶ ላልቷል ማለት ነው። ችግሩ ከባድ ሆኖ መሣሪያው ካልጠቀመው ኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና ወደ ውስጥ ጆሮ የሚገባ፣ የመስማት ነርቭን በቀጥታ የሚያነቃ መሣሪያ) ብዙ ጊዜ በአንድ ዓመቱ አካባቢ ይታሰባል። የምልክት ቋንቋ መጀመር የመጨረሻ አማራጭ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልጁ የሚረዳው ቋንቋ ያስፈልገዋል፤ ምልክት ማየቱ ንግግር ከመልመድ አያግደውም። ዓይኑን እያያችሁ፣ ፊታችሁን በብርሃን አድርጋችሁ አውሩት፣ ዝፈኑለት።

አልፏል። ከእንግዲህ መጨነቅ አያስፈልግም?

ዛሬ ንግግር ለመልመድ የሚበቃ መስማት አለው ማለት ነው። መለስተኛ ችግር ልየታውን ሊያመልጥ ይችላል፤ በኋላ የሚመጣም አለ። ሲ.ኤም.ቪ. የተገኘበት ልጅ ቢያልፍም 3 ወር ሳይሞላው እንደገና ይታይ። በቤተሰቡ በልጅነቱ መስማት ያቆመ ሰው ያለበት፣ ከ5 ቀን በላይ እንደ ጄንታማይሲን ያለ አንቲባዮቲክ የተወጋ ልጅ ቢያልፍም 9 ወር ሲሞላው ወይም ከዚያ በፊት እንደገና ይታይ። ማጅራት ገትር የያዘው ልጅ ግን ቀን አይቆጠርለትም፤ እንደተሻለው ወዲያው ይመርመር። ከዚያ በሽታ በኋላ የውስጥ ጆሮው በሳምንታት ውስጥ ወደ አጥንትነት ሊቀየርና ኢምፕላንት ለማስገባት ሊያስቸግር ይችላል።

በቤት ደግሞ እነዚህን አስተውሉ፦ በ3 ወር አካባቢ በእናቱ ድምፅ ዝም ይላል፤ በ6 ወር ድምፅ ወደ መጣበት ዓይኑን ያዞራል፤ በ9 ወር «ባባባ»፣ «ማማማ» እያለ ይደጋግማል፤ በ12 ወር ስሙ ሲጠራ ይዞራል። «አጉ» ይል የነበረ ልጅ ከ6 ወር በኋላ ዝምታው ከበዛ በተለይ ልብ በሉ። እናት «ልጄ የማይሰማኝ ይመስለኛል» ካለች፣ ያ ብቻውን ለምርመራ በቂ ምክንያት ነው።

ጊዜው አልፎብናል፤ ልጃችን 5 ወር ሆኖታል።

በዚህ ሳምንት ደውሉ። ዕድሜው ልየታን አይከለክልም። ጭንቅላቱን ማዞር የሚችል ልጅ ከ6 ወር አካባቢ ጀምሮ በሌላ መንገድም ይመረመራል፤ ድምፅ ሲሰማ ወደዚያ ሲዞር የሚበራ መጫወቻ ይታየዋል። «መቼም አልፎናል» ብሎ ሌላ ዓመት መጨመር ነው የሚጎዳው።

ከምርመራው ምን ወረቀት እንቀበል?

የምርመራው ቀን፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ የቀኝና የግራ ጆሮ ውጤት ለየብቻ የተጻፈበት ይሁን። «ደህና ነው» ብቻ ያለበት ወረቀት ለሚቀጥለው ሐኪም አይጠቅመውም። ልጁ ገና ስም ካልወጣለት በእናቱ ሙሉ ስምና በልደት ቀኑ ይመዝገብ፤ ስሙ ሲወጣ ደውላችሁ አስተካክሉ። ቤት የተወለዱ ልጆች ውጤት ከሚጠፋባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፦ በአንድ ስም ተመርምረው በሌላ ስም ይፈለጋሉ። አንዱን ቅጂ ለአዋላጇ ስጡ፣ አንዱን ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጡ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሡት።